በብድር የተገዛ መኪናና የመድን ክፍተት

በከተማችን በአዲስ አበባ መኪናን በብድር መግዛት ከተለመደ ወዲህ በደመወዝ ከሚተዳደረው ሰው ቤት አንድ አዲስ ሰነድ ገብቷል፤ ይኸውም የመድን ፖሊሲ የሚባለው ነው። ባንክ ገንዘቡን ሲያበድር መኪናው ሙሉ መድን እንዲገባለት ያዛል፤ በሊብሬው ላይ ዕዳውን ያስመዘግባል፤ ጉዳት ቢደርስም ካሣውን አስቀድሞ የሚቀበለው እርሱ ራሱ እንዲሆን በፖሊሲው ላይ ያስጽፋል። ባለ መኪናው ግን ይህን ወረቀት ከብድር ውሉ ጋር አጣጥፎ ከሣጥን ያኖረዋል። ገልጦ የሚያነበው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንበቡ እምብዛም አይረባውም።

በሕግ የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን ከዚህ የተለየ መሆኑን አስቀድመን እናስታውስ። እርሱ መኪናችን በሌላው ሰው ሕይወት፣ አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚውል ነው፤ የራሳችንን መኪና አንዲት መስተዋት እንኳ አይተካም።

ይህን ጉዳይ እንድንጽፍ ያነሣሡን በልደታ በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። እርሱ የሒሳብ ሠራተኛ፣ እርሷ ነርስ ናት። የኤሌክትሪክ መኪና በብድር ሊገዙ ተነሥተው፣ ባንኩ ተጨማሪ መያዣ ስለ ጠየቀ የሚስቲቱ አባት የጡረታ ዘመናቸውን የሚያሳልፉበትን ቤት ሊያስይዙላቸው ፈቅደዋል። በዋሽንግተን የሚኖረው የባልየው የአጎት ልጅ ደግሞ «ጋፕ የሚባል ኢንሹራንስ ሳትገቡ መኪና በዕዳ እንዳትገዙ» ብሎ በስልክ አስጠንቅቋቸው ኖሮ፣ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። «መምህር፣ ይህ ነገር በእኛ አገር ያስፈልጋል ወይ? የአባባ ቤት እንዳይሄድብን ፈራን» አለች ሚስቲቱ። ፍርሃቷ ተገቢ ነው፤ መኪና ቢጠፋ በእግር ይኬዳል፤ ሽማግሌን ከቤቱ ማስወጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጋፕ ማለት ክፍተት ማለት ነው። በአሜሪካ አዲስ መኪና ከሻጩ ግቢ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ዋጋው በብዙ ይወርዳል፤ ዕዳው ግን በዚያ ፍጥነት አይወርድም። መኪናው ፈጽሞ ቢወድም ወይም ቢሰረቅ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው መኪናው በዚያ ቀን የሚያወጣውን ያህል ሲሆን፣ አበዳሪው ቀሪ ዕዳውን በሙሉ ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል የሚቀረውን የሚከፍለው ተጨማሪ መድን ጋፕ ይባላል። ነገሩ በሐሳብ ደረጃ መልካም ነው። ዋጋው ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር የገንዘብ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ባለ ሥልጣን በ2016 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፣ ደንበኞች ለጋፕ ከከፈሉት አረቦን በካሣ መልክ የተመለሰው 6 በመቶ ብቻ ነበር። አንዳንድ ኩባንያዎች ከአረቦኑ እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ለመኪና ሻጮች በኮሚሽን ይሰጡ ነበርና፣ ባለ ሥልጣኑ ብዙዎቹ ሽያጩን ለጊዜው እንዲያቆሙ አደረገ። እንግዲህ ሻጩ ጋፕን አጥብቆ የሚያመሰግንበት ምክንያት ከዚህ ይታወቃል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በ678ኛው አንቀጹ የንብረት መድን የካሣ ውል መሆኑን ይደነግጋል፤ ካሣውም ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ «መኪናዬን ከዋጋው አስበልጬ መድን ባስገባው ዕዳዬን ይሸፍንልኛል» የሚል ሰው ቢኖር፣ አረቦኑን በከንቱ ያበዛል እንጂ የሚያተርፈው የለም።

በእኛ ዘንድ ግን ክፍተቱ ለብዙ ዘመን የሚከፈተው በተቃራኒው በኩል ነበር። በከተማችን ሰው አሮጌ መኪናውን ከገዛበት አስበልጦ ሲሸጥ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ በተወሰነ ጊዜ፣ 57 ብር ግድም የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋውም ከዚያው ጋር ተከተለ። እንግዲህ አንድ ሰው መኪናውን በ2,000,000 ብር መድን አስገብቶ ሳያሻሽለው የገበያው ዋጋ 3,000,000 ብር ደረሰ እንበል። መድኑ የሁለት ሦስተኛ ሆነ ማለት ነው። ግጭት ደርሶ ጥገናው 300,000 ብር ቢፈጅ፣ በፖሊሲው የተመጣጣኝ ካሣ ደንብ መሠረት የሚከፈለው 200,000 ብር ይሆናል፤ ከዚያም ላይ ባለ መኪናው ራሱ ሊችለው የተዋዋለው ድርሻ ይቀነሳል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ኩባንያው የዘረፈው ይመስለዋል። ክርክሩም እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ የልደታ ምድብ ችሎት ለሰፈራችን ቅርብ ቢሆንም ደጅ መጥናቱ ግን ቅርብ አይደለም። መድኑ በሚታደስበት ወራት የገበያውን ዋጋ ጠይቆ ማሻሻያ ማስጻፍ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

የባልና ሚስቱ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ የኤሌክትሪኩ ገበያ ሰፍቷል፤ አዳዲስ ዓይነቶች በየጊዜው ይመጣሉ፤ ባትሪውም ከዕድሜ ጋር ይደክማል። በዚህ መኪና ላይ የአሜሪካው ዓይነት ክፍተት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ ይዘን አብረናቸው አሰላን። ዋጋው 2,500,000 ብር፣ ብድሩ 2,000,000፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ ዘመኑ አምስት ዓመት ቢሆን፣ የወር ክፍያው 48,600 ብር ያህል ነው። በዓመቱ ከ583,000 ብር በላይ ይከፍላሉ፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነስላቸው ግን 284,000 ብር ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ወለድ ነውና። ዕዳው 1,716,000 ብር ሆኖ ሳለ መኪናው 1,600,000 ብር ብቻ የሚያወጣ ሆኖ ቢወድም፣ ካሣው ሁሉ ለባንኩ ገብቶ 116,000 ብር ዕዳ ያለ መኪና ይቀራል። የአባትየውም ቤት እንደ ተያዘ ይቆያል።

ባልየው ይህን አይቶ ዝም አለ። ሚስቲቱ ግን «እቁባችንስ?» አለች። በሦስት ወር ውስጥ 300,000 ብር የሚያገኙበት ዕጣ ነበራቸው፤ ያን ለቤት ዕቃ አስበውት ኖሯል። ያን ገንዘብ ከቅድሚያው ክፍያ ጋር ቢጨምሩት ብድሩ 1,700,000 ይሆናል፤ ከዓመት በኋላ የሚቀረው ዕዳ 1,459,000 ብር ያህል ነው፤ ይህም ከ1,600,000 ያንሳል። ክፍተቱ ያለ ጋፕ ተዘጋ። በሦስቱ ወራት ውስጥ የመኪናው ዋጋ ሊንር እንደሚችል አልሸሸግናቸውም፤ ነገር ግን የሰው ቤት በመያዣ ካለበት ዕዳ ይልቅ ትንሽ የተወደደ መኪና ይሻላል ባዮች ነን። ጋፕ በአገራችን የተለመደ ዕቃ አይደለምና፣ ለጊዜው የቅድሚያ ክፍያን ማብዛትና የብድሩን ዘመን ማሳጠር ሥራውን ይሠራል።

ወረቀቱን ልንመልስላቸው ስንል ከመድን ማመልከቻው ላይ «ለግል አገልግሎት» የሚል ቃል አየን። «መኪናውን የምትነዱት እናንተ ብቻ ናችሁ?» ብለን ጠየቅናቸው። የሚስቲቱ ታናሽ ወንድም ማታ ማታ በስልክ ጥሪ መንገደኛ ሊያመላልስበትና ለወር ክፍያው ሊያግዛቸው አስበው ነበር። ይህ ከጋፕ ሁሉ የሚበልጥ ክፍተት ነው። ለቤት አገልግሎት ተብሎ መድን የገባ መኪና በኪራይ ሥራ ላይ ሳለ ቢወድም፣ ኩባንያው የውሉን ቃል ጠቅሶ ካሣ ሊከለክል ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጎድለው 116,000 ብር ሳይሆን መላው ዕዳ ነው። የኪራዩ አረቦን ከግሉ ከፍ እንደሚል ነገርናቸው። «እንግዲያስ ልጁ ከሚያገባው ላይ ይከፈላል» አለች ሚስቲቱ፤ ባልየውም እርሳሱን ተቀብሎን በማመልከቻው ላይ ያለውን ቃል ሰረዘው።