ሉዶልፍ፦ የአንድ ብርቅ የጀርመን የቤተሰብ ስም አመጣጥና ሥርጭት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርት መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር)



በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ ለተሰማራ ሰው ሉዶልፍ የሚለው ስም እንግዳ አይደለም። ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልግለጽ። በ1649 ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ሮም ላይ ተገናኘ፤ በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ በመስፍን ኤርንስት ግብዣ ወደ ጎታ ሲመጡ አብሯቸው ሠራ። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ በኅትመት የመጀመሪያ የሆነውን የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ስለ ሥራው ብዙ ተጽፏል፤ የዛሬው ርእሴ ግን ስሙ ነው።

ነገሩን እንደ ትርፍ ጉዳይ የሚቆጥር ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ የ1681ዱን መጽሐፍ የላቲን ርእስ ገጽ ያየ ሰው አንድ ጥያቄ ሳያነሣ አያልፍም። ደራሲው በዚያ ገጽ ራሱን ያስተዋወቀው በአንድ ስም አይደለም፤ «ሉዶልፍ፣ በሌላ አጠራር ሎይትሆልፍ የተባለው» በሚል አገባብ ነው። በዓመቱ፣ በ1682፣ መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ ሲታተም ስሙ የላቲን መጨረሻ ተቀጥሎለት ሉዶልፉስ ሆነ። እንግዲህ በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው ሦስት ቅርጽ ያለው ስም እናገኛለን። በፓስፖርትና በመታወቂያ ዘመን ላደገ አንባቢ ይህ የብዕር ስም ወይም የአታሚ ስሕተት ይመስለዋል። ሁለቱንም አይደለም። ሉዶልፍና ሎይትሆልፍ አንድ ስም ናቸው፤ የሚለያቸው የተነገሩበት የጀርመን ምድር ነው።

ስሙ ጥንታዊ የጀርመናውያን ስም ሲሆን ከሁለት ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ሕዝብ» የሚል ትርጉም አለው፤ ሁለተኛው «ተኩላ» ማለት ነው። በጥንቱ አጠራር ሊውድ-ዎልፍ የነበረው፣ በመካከል ያለው «ው» ድምፅ በንግግር እየተዋጠ ሊውዶልፍ ሆነ። ሩዶልፍና አዶልፍ መጨረሻቸው የሚመሳሰለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሊዮፖልድ የሚለው ስምም የመጀመሪያ ክፍሉ ይኸው «ሕዝብ» የሚለው ቃል ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ግን «ደፋር» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚስቱት ነገር ስላለ ጥቂት ልቆይ። የእኛ ወልደ ማርያም ወይም ገብረ ክርስቶስ ሙሉ ሐረግ ነው፤ በዘርፍና በባለቤት የተያያዘ ትርጉም አለው። የጀርመናውያኑ ጥምር ስም ግን እንዲህ አይነበብም። ወላጆች ከአባት ስም አንዱን ክፍል፣ ከእናት ወይም ከአያት ሌላውን እየወሰዱ ያገጣጥሙ ነበር፤ የተገጣጠመው ስም እንደ ዐረፍተ ነገር ትርጉም እንዲሰጥ አይጠበቅም ነበር። ስለዚህ ሉዶልፍን «የሕዝብ ተኩላ» ብሎ ተርጉሞ በዚያ ላይ የጀግንነት ታሪክ መገንባት ከንቱ ድካም ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ሳይቀሩ ስሞችን እንዲህ መፍታት ይወዱ ነበር። ሎይትሆልፍ በሚለው አጻጻፍ ውስጥ የገባችው «ሆ» ከሥርወ ቃሉ የመጣች አይደለችም፤ ስሙን «መርዳት» ከሚለው የጀርመንኛ ግሥ ጋር በማቀራረብ «ሕዝብን የሚረዳ» የሚል ቃና ትሰጠዋለች። ተኩላው ረዳት ሆነ ማለት ነው። በእኔ ግምት ይህ ለባለ ስሙ ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ሳይሆን አልቀረም።

የሁለቱ ቅርጾች ልዩነት ከድምፅ ታሪክ ይመነጫል። በሰሜኑ ሜዳማ ምድር የሚነገረው ጀርመንኛ፣ ታችኛው ጀርመንኛ የሚባለው፣ በደቡብና በመካከለኛው ጀርመን የተከሠተውን የተነባቢዎች ለውጥ አልተከተለም። በሰሜን «ድ» ሆኖ የቀረው ድምፅ በደቡብ «ት» ሆነ። የጥንቱ «ኢው» የሚል አናባቢም በጽሑፍ ጀርመንኛ ወደ «ኦይ» ተለወጠ። ስለዚህ ዛሬ በመደበኛው ጀርመንኛ «ሰዎች» ለማለት ሎይተ ሲባል፣ በሰሜን ዘዬ ሉደ ይባላል። ይህን የያዘ ሰው ሉዶልፍ የሰሜን፣ ሎይትሆልፍ የደቡብና የመካከለኛው ምድር መልክ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ኤርፉርት ያለችበት ቱሪንገን መካከለኛው ጀርመን ነው፤ ሰሜናዊ ድንበሩ ግን የታችኛው ጀርመንኛ ምድር ነው። በዚያ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በሁለት አጠራር መታወቁ አያስገርምም።

የስሙ እናት አገር ሳክሶኒያ፣ ያውም የጥንቷ ሳክሶኒያ፣ የዛሬው ታችኛው ሳክሶኒያ ነው። በ866 የሞተው መስፍን ሊውዶልፍ ከሚስቱ ከኦዳ ጋር የጋንደርስሃይምን የሴቶች ገዳም የመሠረተ ሰው ነበር። የልጅ ልጁ ሄንሪክ በ919 ነገሠ፤ የሄንሪክ ልጅ ኦቶ በ962 ሮም ላይ የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ጫነ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሥርወ መንግሥት በዚያው ቅድመ አያት ስም ሊውዶልፊንገር ይሉታል። ኦቶም ለልጁ ይህንኑ ስም አውጥቶለት ነበር። የገዢ ቤት ስም ወደ ባላባቱና ወደ ባላገሩ መውረዱ የተለመደ ነው፤ በሰሜን ጀርመን ለዘመናት ሉዶልፍ የተባሉ ጳጳሳት፣ መነኮሳትና ነጋዴዎች ይገኛሉ። በ1540 በሂልደስሃይም የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ሉዶልፍ ፋን ኮይለን የክብ ዙሪያ ከወርዱ ጋር ያለውን ንጽጽር፣ ማለትም ፓይን፣ እስከ 35 የአስርዮሽ አኃዞች ድረስ አስልቷል፤ ጀርመኖች ለረጅም ጊዜ ፓይን «የሉዶልፍ ቁጥር» ሲሉ የኖሩት ከእርሱ የተነሣ ነው። ልብ በሉ፣ በእነዚህ ሰዎች ሁሉ ዘንድ ሉዶልፍ የራስ ስም ነው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም።

ታዲያ የራስ ስም የነበረው እንዴት የቤተሰብ ስም ሆነ? ከ12ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የጀርመን ከተሞች አደጉ፤ ልማዱ ከራይን ወንዝ አካባቢና ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜንና ወደ ገጠር ተስፋፋ። በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ ሄንሪኮችና ብዙ ዮሐንሶች ሲኖሩ፣ ግብር የሚመዘግበውና ውል የሚጽፈው ጸሐፊ መለያ አስፈለገው። አንዱን በሙያው፣ አንዱን በመጣበት አገር፣ አንዱን በመኖሪያው፣ አንዱን በቅጽል ስሙ፣ ሌላውን ደግሞ በአባቱ ስም ለየው። ርስትና የዜግነት መብት ለልጅ ሲተላለፍ መለያውም አብሮ ተላለፈ። በዚህ ጊዜ የአባት ስም መሆኑ ቀረና ረጋ።

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። «ኢዮብ ሉዶልፍ» ሲባል እኛ የሉዶልፍ ልጅ ኢዮብ ብለን እንሰማለን። ሆኖም ስሙ ከእርሱ በፊት ብዙ ትውልድ ቀድሞ የረጋ ነው። በ1696 ኦክስፎርድ ላይ የሩሲያኛ ሰዋስው ያሳተመው ሄንሪክ ቪልሄልም ሉዶልፍ የኢዮብ የወንድም ልጅ ነው፤ አጎትና የወንድም ልጅ በአንድ ስም ይጠራሉ። በእኛ ሥርዓት ቢሆን ሁለቱ የሚገናኙት ወደ አያት ሲቆጠር ነበር። በጀርመን ምድር ውስጥም ቢሆን ሁሉም በአንድ ቀን አልረጋም። በሽሌስቪግ የአባት ስም በየትውልዱ መለወጡ እንዲቀር በ1771 በአዋጅ ተወሰነ፤ በምሥራቅ ፍሪስላንድ ደግሞ በናፖሊዮን ዘመን፣ በ1811፣ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲያዝ ታዘዘ።

አሁን ወደ ብርቅነቱ እንምጣ። በሰሜን ምድር ይህን ያህል የታወቀ የራስ ስም እንዴት ብርቅ የቤተሰብ ስም ሆነ? ዋናው መልስ በቤት ውስጥ አጠራር ላይ ነው። ሙሉ ስም በቤተ ክርስቲያንና በውል ጽሑፍ ይነበባል፤ በጓሮና በገበያ ግን ሰው በቁልምጫ ይጠራል። በሰሜን ጀርመን በ«ሕዝብ» የሚጀምሩ ስሞች ያላቸው ሰዎች፣ ሉዶልፍም ይሁን ሌላው፣ ሉደከ፣ ሉትከ፣ ሉደማን ይባሉ ነበር። ጸሐፊውም አብዛኛውን ጊዜ የሰማውን መዘገበ። ስለዚህ የሉዶልፎች ዘር በሉደከና በሉትከ ስም ተበትኖ ይኖራል፤ እነዚህም ብርቅ የሚባሉ ስሞች አይደሉም። ሙሉውን ቅርጽ እንደ ያዙ የረጉት ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው። በዚህ ላይ የቅዱሳን ስም እየተለመደ ሲሄድ፣ ዮሐንስ፣ ጴጥሮስና ኒቆላዎስ የድሮዎቹን ስሞች ገፉ፤ የቤተሰብ ስም በሚረጋበት ወሳኝ ዘመን ሉዶልፍ የሚባሉ አባቶች እያነሱ ነበር። ከሙለር ጋር ማነጻጸር ነው፤ ሙለር ማለት ባለ ወፍጮ ነው፤ ወፍጮ የሌለው አካባቢ ስላልነበረ ስሙ በየቦታው ለየብቻው ተወልዶ ዛሬ በጀርመን ቀዳሚው የቤተሰብ ስም ሆኗል።

ብዛትን በተመለከተ የጀርመን ተመራማሪዎች የሚሠሩበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። የፍራይቡርጉ ኮንራድ ኩንዘና የማይንሷ ዳማሪስ ኑብሊንግ የመሩት የጀርመን የቤተሰብ ስሞች አትላስ፣ ከ2009 ጀምሮ በተከታታይ ቅጾች የታተመው፣ የተመሠረተው በ2005 የመደበኛ ስልክ ተመዝጋቢዎች መረጃ ላይ ነው፤ ይኸውም ወደ 28 ሚሊዮን የሚጠጉ የግለሰብ መስመሮችና 850 ሺህ ገደማ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ዓመቱ የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ተንቀሳቃሽ ስልክ መደበኛውን እየተካ የስልክ ማውጫ የሕዝብ መስታወት መሆኑ ቀርቷል። አንድ መስመር አንድ ቤተሰብ ስለሚወክል፣ የባለ ስሞቹን ቁጥር ለመገመት የመስመሮቹ ብዛት ወደ ሦስት በሚጠጋ ቁጥር ይባዛል።

ይህ ስሌት የሚቆጥረው ግን ፊደልን ነው። በመጨረሻው «ፍ» ሁለት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ስላለው ሉዶልፍ በኮምፒዩተሩ ዘንድ ሁለት ስም ነው፤ ሎይትሆልፍ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። የፊደሉ ልዩነት የቆመው ዘግይቶ ነው። በመላው የጀርመን ግዛት የመንግሥት የክብር መዝገብ ሥራ የጀመረው በ1876 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ቄሱ ስሙን በሰማው መጠን ይጽፍ ነበር፤ አንድ አባት በአንድ አጻጻፍ ተጠምቆ በሌላ ሊቀበር ይችል ነበር። እንግዲህ «ብርቅ ስም ነው» ስንል ከግማሽ በላይ የምንናገረው ስለ መዝጋቢው ብዕር ነው። ካርታውንም በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ጀርመናውያን ከምሥራቅ ተፈናቅለው ስለመጡ፣ የዛሬው ሥርጭት የመካከለኛውን ዘመን ሥርጭት በቀጥታ አያሳይም። በዚህ የተነሣ ተመራማሪዎች ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የሟቾችና የቁስለኞች ዝርዝር ይመለሳሉ፤ በዚያ ውስጥ የወታደሩ የትውልድ ቦታ አብሮ ተጽፏልና።

ዛሬ በጀርመን አንድን መንገደኛ ሉዶልፍ ስለሚባል ሰው ብትጠይቁት የኤርፉርቱን ሊቅ የሚያነሣላችሁ ጥቂቱ ነው። የሚያነሣው በቬስተርቫልድ፣ በደርንባኅ መንደር የአሮጌ መኪና ዕቃ ያከማቹና ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን የታወቁትን አራት ወንድማማቾች ነው። ከሊቁ ጋር ይዛመዳሉ ወይ ብሎ ለመጠየቅ የሚቸኩል አለ። ከአባት ስም የተገኘ የቤተሰብ ስም ሉዶልፍ የሚባል አባት በነበረበት ቦታ ሁሉ ለየብቻው ሊወለድ ስለሚችል፣ የስም አንድነት ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ነው።

በመካከላችን ወደ ጀርመን ለትምህርት የምትሄዱ ስላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሉዶልፎች በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደረሰባቸው ነገር በዚያ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ዛሬ በአንድ ትውልድ ውስጥ ይደርሳል። የጀርመን ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አመልካቹ የአባቱን ስም ይሞላል፤ በዚያ ሲወለድ ልጁም የአያቱን ስም የቤተሰብ ስሙ አድርጎ ይይዛል፤ ስሙም ይረጋል። ስሙ በጀርመን ሕግ የሚተዳደር የሆነ ሰው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመግቢያ ሕግ አንቀጽ 47 መሠረት፣ ከያዛቸው ስሞች የትኛው የራስ፣ የትኛው የቤተሰብ እንዲሆን የመወሰን መብት አለው። ይህ መብት የጸሐፊው ሳይሆን የባለ ስሙ ነው፤ ሳያውቁት የሚያልፉት ብዙ ናቸው። በነገራችን ላይ የእኛም የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ ድንጋጌው በወረቀት ላይ ቀረ እንጂ ሕዝቡ አልተቀበለውም።

ለጥናታችሁ ደግሞ ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁ። የኢዮብ ሉዶልፍን ሥራዎች ወይም ደብዳቤዎች በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ማውጫ ስትፈልጉ በአንድ አጻጻፍ አትወሰኑ። በሁለቱም የ«ፍ» አጻጻፍ፣ ሉዶልፉስ በሚለው የላቲን ቅርጽ፣ ሎይትሆልፍ በሚለውም ፈልጉ፤ ኢዮብ የሚለውም በጀርመንኛ ሂዮብ፣ በላቲን ዮቡስ ሆኖ ይገኛል። በተቃራኒው ኢትዮጵያዊን ስትፈልጉ፣ አንዳንዱ ማውጫ በአባት ስም፣ ሌላው በራስ ስም ይደረድራል። በሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ነው የደረደረው፤ ስለዚህ ጎርጎርዮስን በ«ጎ»፣ ሉዶልፍን በ«ሉ» ታገኟቸዋላችሁ።