ቀጠሮ በሁለት ሰዓት ሲነበብ
የነጋዴ ደብዳቤና ቀን መቁጠሪያ በዘመኑ መሣሪያ ስለሚጠበቅበት ሁኔታ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሺሺንዳ፣ እንደ ሌሎቹ የከፋ ከተሞች ሁሉ፣ ዋና ተስፋዋ ቡና ነው፤ ማሩ፣ ኮረሪማውና ጥምዙም የዚያው አገር ሀብት ናቸው። ቀድሞ የዚህ አካባቢ ነጋዴ ጉዳዩን የሚጨርሰው በገበያ ቀን ፊት ለፊት ተገናኝቶ፣ ርቆ ያለውንም ሰው በፖስታና በቴሌግራም ጠይቆ ነበር። ዛሬ ግን የቡናው ናሙና ገና አዲስ አበባ ሳይደርስ ስለ ናሙናው የተጻፈው ኢሜይል ሐምቡርግ ደርሶ ይነበባል። ይሁን እንጂ የደብዳቤው መፍጠን ብቻውን ሥራን አያፈጥንም፤ ሥርዓት በሌለበት መሥሪያ ቤት እንዲያውም የደብዳቤው ብዛት ሥራውን ያጓትተዋል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የጀርመን ገዢ የሺሺንዳን ቡና ላኪ በስልክ ለማነጋገር ቀጠሮ ጠየቀ እንበል። የላኪው ጸሐፊ «በ5/2/2018 በ9 ሰዓት ይሁን» ሲል ይመልሳል። ያሰበው ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ነው። ገዢው ግን በራሱ አቆጣጠር ሲያነበው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 ይሆንበታል፤ ይኸውም ካለፈ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነው ቀን ነው። የጽሕፈት ስሕተት መሆኑን ተረድቶ ትክክለኛውን ቀን ቢደርስበት እንኳ ሰዓቱ ያሳስተዋል፤ 9 ሰዓት ለእርሱ የጠዋት ሰዓት ነውና። በዚያ ወቅት የሐምቡርግ 9 ሰዓት በኢትዮጵያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ስለዚህ ገዢው ሲደውል ነጋዴው በመጋዘን ቡና ያስመዝናል፤ ነጋዴው ስልኩን ይዞ ሲጠብቅ ደግሞ ገዢው ወደ ሌላ ሻጭ ዞሯል።

በዚህ መካከል የሚጐዳው ነጋዴው ብቻ አይደለም። ቡናውን ያስረከበው ገበሬ ገንዘቡን ይጠብቃል፤ ከባንክ የተወሰደው ብድር ወለዱ ይቈጠራል፤ ቡናውም በመጋዘን ሲሰነብት ጣዕሙ ይጓደላል። ይህን ሁሉ ያመጣው በአንድ መስመር ደብዳቤ ውስጥ ያልተገለጸ ቀንና ሰዓት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀጠሮን በጽሑፍ ብቻ ከመላክ ይልቅ በቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም አማካይነት መላክ ነው። ጉግል ካሌንደር፣ የማይክሮሶፍት አውትሉክና ተንደርበርድ ለዚህ አገልግሎት የታወቁ ናቸው፤ ከነዚህም ተንደርበርድ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። ጸሐፊው ቀጠሮውን ሲመዘግብ የሰዓት ቀጠናውን ይመርጣል፤ በዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ የሚል ስም ባያገኝ ናይሮቢ የሚለውን ይውሰድ፤ የሁለቱ ሰዓት አንድ ነውና። ከዚያም የግብዣ መልእክቱ በኢሜይል ሲደርስ ገዢው ቀጠሮውን በራሱ አገር ሰዓት ተጽፎ ያገኘዋል። አውሮፓውያን በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ስለሚለውጡ የሺሺንዳና የሐምቡርግ ልዩነት በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ነው። ይህን መሣሪያው ራሱ ስለሚያሰላው ጸሐፊው በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም።

መሣሪያው የማያውቀው ግን ጸሐፊው በልቡ የያዘውን ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ የቀኑን ሰዓት ሲጽፉ ስድስት መጨመር ያሻል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 9፣ ከቀኑ 9 ሰዓት 15 ተብሎ ይመዘገባል። ስለ ቀኑም ቢሆን መስከረም 1 በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሴፕቴምበር 12 እንደሚውል ማስታወስ ይገባል። ሁለቱን አቆጣጠር ጐን ለጐን የሚያሳዩ የስልክ ፕሮግራሞች ስላሉ በእነርሱ ማመሳከር ይቻላል። ከሁሉም በላይ ወደ ውጭ አገር በሚላክ ደብዳቤ የወሩን ስም በፊደል መጻፍና ዓመተ ምሕረቱ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መግለጽ ብዙ ጥፋት ያድናል።

በቀን መቁጠሪያው የሚገባው የስልክ ቀጠሮ ብቻ መሆን የለበትም። ናሙና የሚላክበት፣ ዕቃው ጂቡቲ የሚደርስበት፣ የባንክ ብድር የሚከፈልበትና የንግድ ፈቃድ የሚታደስበት ቀን ሁሉ ይመዝገብ። ማስታወሻው በቀኑ ሳይሆን አስቀድሞ እንዲደውል ይደረግ፤ ናሙና ከሺሺንዳ ተነሥቶ ባሕር ማዶ እስኪደርስ ቀናት ይፈጃልና የዕለቱ ደወል አይጠቅምም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ወደ ኢሜይሉ ስንመለስ፣ የአንድ ቡና ሽያጭ ዛሬ ብዙ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ውሉ፣ የናሙናው ውጤት፣ የጭነቱ ሰነድ ሁሉ በአባሪነት ይላካል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ስለ ደን መጨፍጨፍ ያወጣው ደንብም ቡናው የተመረተበት መሬት መገኛ እንዲገለጽ ስለሚጠይቅ የገበሬው ማሳ መረጃ ተጨማሪ አባሪ ሆኗል። ይህ ሁሉ በአንድ የመልእክት ሣጥን ውስጥ ከማስታወቂያ ጋር ተደባልቆ ቢቀመጥ በተፈለገ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ለየውሉ አንድ ማኅደር መክፈት፣ የውሉንም ቍጥር በደብዳቤው ርእስ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ቍጥሩን አይቶ ደብዳቤውን በየማኅደሩ የሚያስገባ ማጣሪያ በሦስቱም ፕሮግራሞች ኩባንያዎች አገልግሎት ውስጥ ይገኛል።

መብራትና መስመር በሚቋረጥበት ስፍራ አንድ ሌላ ነገር ይታሰብ። በኮምፒዩተር ላይ የሚጫኑት አውትሉክና ተንደርበርድ የደብዳቤውን ቅጂ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ማስቀመጥ ይችላሉ። ጸሐፊው መስመር በሌለበት ሰዓት የቆየውን ያነባል፣ መልሱን ያዘጋጃል፤ መስመሩ ሲመለስ የተዘጋጀው ይላካል።

በመጨረሻም ጸሐፊው ደብዳቤ የሚከፍትባቸው የተወሰኑ ሰዓቶች ይኑሩት፤ በየደቂቃው ሣጥኑን የሚያይ ሰው የጀመረውን ሒሳብ ሳይፈጽም ይመሻል። ማታ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ ነጋዴውና ጸሐፊው ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው የነገውን ቀጠሮ በአንድነት ይመልከቱ። ብዙ ነጋዴዎች ቀጠሮን በራሳቸው ቃል፣ ውልን በጸሐፊው ኮምፒዩተር፣ የገበሬውን ሒሳብ በደብተር መያዝ ለምደዋል። ሦስቱ ካልተገናኙ ምንም ዓይነት ፕሮግራም ቢገዛ ጥቅም አይሰጥም። የሺሺንዳ ነጋዴ ይህን ልማድ ቢይዝ፣ ሩቅ ያለው ገዢ ቃሉን ያምነዋል፤ ቡናውን ያስረከበው ገበሬም ገንዘቡን በጊዜው ይቀበላል።