የአእምሮ መድኃኒት ከባክቴሪያ ጋር ምን አገናኘው?

እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ ሲቪው ሆስፒታል የተኙ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ኢፕሮኒያዚድ የተባለ አዲስ መድኃኒት ተሰጣቸው። የምግብ ፍላጎታቸው ተከፈተ፣ ፊታቸው ፈካ፣ በየክፍሉ ጨዋታና ሳቅ በዛ። ባክቴሪያን እንዲገድል የታሰበው እንክብል ውሎ አድሮ ከመጀመሪያዎቹ የድብርት መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። ይህ ብዙ ጊዜ እንደ መልካም አጋጣሚ ይተረካል። በእኔ አስተያየት ግን የነርቭና የተህዋስያን መድኃኒት ብለን የምንለየው ለፋርማሲ መደርደሪያ ስለሚመቸን ነው፤ ሰውነት ውስጥ ከገቡ በኋላ ያ ወሰን ይላላል።

በዚያው ዓመት በፓሪስ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት የጀመረውን ክሎርፕሮማዚንን እንውሰድ። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ሜቲሊን ብሉ ከተባለ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ፖል ኤርሊክ በ1891 ለወባ የሞከረው ይኸው ቀለም ነበር። በ2018 ደግሞ የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ መድኃኒቶችን በ40 የአንጀት ባክቴሪያ ዝርያዎች ላይ ፈተኑ። የሰውን አካል ለማከም ከተሠሩት ውስጥ 24 በመቶ ያህሉ ቢያንስ የአንዱን ዝርያ እድገት ገቱ፤ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች በተለይ ጎልተው ወጡ።

«በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ምን የማይሠራ አለ?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ክሎርፕሮማዚን ባክቴሪያን የሚገታበት መጠን በደም ውስጥ ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ለሳንባ ምች የሚያዝዘው ሐኪም የለም። ነገር ግን ነገሩ በደም ብቻ አይለካም። የሚዋጥ መድኃኒት አንጀት ላይ ይበረታል። የክሎርፕሮማዚን ወገን ማክሮፋጅ በሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ውስጥም ይከማቻል፤ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚሸሸገው ደግሞ እዚያው ነው። ባክቴሪያው የገባበትን አንቲባዮቲክ፣ ውሃ እንደገባበት ጀልባ እየቀዳ የሚያስወጣበት ፓምፕ አለው፤ ክሎርፕሮማዚን በላቦራቶሪ ይህን ፓምፕ ያዳክማል። በሌላ በኩል በሃይደልበርጉ ጥናት አንቲባዮቲክን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ሌሎቹንም መድኃኒቶች የመቋቋም አዝማሚያ ነበራቸው። ታዲያ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ያቁም? በፍጹም። ያልታከመ ሳይኮሲስ የሚያደርሰው ጉዳት አንጀት ላይ ከሚፈራው ጋር አይወዳደርም።

በሐኪም ቤት ነገሩ በግልጽ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ፣ ኢፕሮኒያዚድ የሚያግደውን፣ ሴሮቶኒን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ የሚያፈርሰውን ያንኑ ኢንዛይም በመጠኑ ያግዳል። በሽተኛው ፍሉኦክሴቲን የተባለውን የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ሴሮቶኒን ከልክ አልፎ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል፤ ፍሉኦክሴቲን ካቆሙት በኋላም ለሳምንታት ከሰውነት አይወጣም። ትኩሳቱን ብቻ ያየ ሰው ኢንፌክሽኑ የበረታ መስሎት ያንኑ ሊኔዞሊድ ይቀጥላል።