የላይኛው ቤት ካሜራ

ላስታ ሜዳ አይበዛውም። ከላሊበላ እስከ ገነተ ማርያም፣ ከዚያም በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጥግ ጥጉን ሲሄዱ ቤቱ ሁሉ ተዳፋት ይዞ የተሠራ ነው፤ የአንዱ ደጅ ከሌላው ጣሪያ እኩል ይውላል። እንዲህ ባለ አገር አጥር የሚከልለው ከጎን ያለውን ነው። ከታች ያለችው ሴት ግቢዋን በድንጋይ ካብ ብታሳጥርም ከላይ ላለው ቤት ወለል ብላ ትታያለች። የላይኛው ሰው ድሮም ያይ ነበር። ግን አይቶ ያልፋል፤ እሷም ማን እንዳያት ታውቃለች፤ ካፈጠጠባት ቀና ብላ ስትገላምጠው ዓይኑን ይሰብራል። አሁን ታዛው ሥር የሚሰቀለው የደኅንነት ካሜራ ግን ያየውን ያስቀምጣል፤ ቢገላምጡትም አያፍርም።

ካሜራ ጨርሶ አይሰቀል ማለት አይቻልም። ሌብነቱ እውነተኛ ነው። ታላቁ የላሊበላ የወርቅ መስቀል አፍሮ አይገባ በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ፣ በ1993 ዓ.ም. ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። ስንት ካህን፣ ስንት ምእመን የሚጠብቀው መስቀል እንዲህ ከሆነ፣ ባሏ የሞተባት ባለሱቅ ለመዝጊያዋ ብትሰጋ ማን ይፈርድባታል? የገና ሰሞን ደግሞ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ከተማዋን ያጥለቀልቃታል፤ ፔንሲዮኑ ይሞላል፤ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክሎ የሚያድረው እንግዳ ብዙ ነው። ልጇ ዋሽንግተን ወይም ጂዳ ያለባት እናት ካሜራውን ራሷ አትገዛውም፤ ልጇ ይልክላታል። እዚያ ሆኖ በስልኩ የደጁን መዝጊያ ያያል፣ የእናቱን መውጣት መግባት ያያል፣ ናፍቆቱንም ያስታግሳል። ይህንን መንቀፍ አይገባም። ችግሩ፣ ልጁ የእናቱን ደጅ ሲያይ የጎረቤቷንም ግቢ አብሮ ማየቱ ነው።

ዕቃው እንዲህ ነው የሚሠራው። ባንክና ሆቴል የሚያስገቡት ዓይነት ብዙ ካሜራ በገመድ ከአንድ መቅጃ ሣጥን ጋር የሚያገናኝ ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጠላ ነው። በአምፖል ቦታ የሚጠመዘዘው አምፖል ካሜራ አለ፤ ግድግዳ ላይ የሚመታው አለ፤ ሲም ካርድና ትንሽ የሶላር ሰሌዳ ያለውም አለ። ምስሉን ከጎኑ በሚሰካ ሜሞሪ ካርድ ይቀዳል፤ ካርዱ ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። አንዳንዱ ደግሞ ባሕር ማዶ ወዳለ የኩባንያው ሰርቨር ይልካል። ሌሊት ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫል፤ ብዙዎቹ ላይ በሌንሱ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆነው ይታያሉ። ጨለማ ነው ብሎ ደጅ የወጣ ሰው በጥቁርና ነጭ ቁልጭ ብሎ ይቀረጻል።

ከሁሉ በላይ የሌንሱን ስፋት ማወቅ ያስፈልጋል። የሚሊሜትሩ ቁጥር ባነሰ መጠን ዕይታው ይሰፋል፤ ባለ 2.8 ሚሊሜትሩ ከ100 ዲግሪ በላይ ያያል። ሻጩ «ሁሉንም ያይልዎታል» ብሎ የሚያሞግሰው እሱን ነው። ሜዳ ላይ ባለ ከተማ ይህ ስፋት በግንብ አጥር ይገታል። ተዳፋት ላይ ግን የሚገታው የለም፤ ከታች ያለው ግቢ በሙሉ ይገባል። በግቢው ጥግ በቆርቆሮ የተከለለው ሽንት ቤት ጣሪያ ላይኖረው ይችላል። ልጆች በሳፋ የሚታጠቡት ደጅ ነው። ስጡ የሚሰጣው፣ የውስጥ ልብሱ የሚሰቀለው፣ ጠላው የሚጠመቀው፣ ሐዘንተኛ መጥቶ የሚቀመጠው ሁሉ ደጅ ነው።

ድምፅም አለ። አብዛኞቹ የቤት ካሜራዎች ማይክሮፎን አላቸው፤ ባለቤቱ ራሱ ላያውቀው ይችላል። ከታች ቡና ተፈልቶ የሚወራው የጋብቻ ጉዳይ፣ የብድር ጉዳይ፣ የሰው ገመና ወደ ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ አንዲት ሴት በጎረቤቷ ካሜራዎችና በደወል ካሜራው ተማርራ ከስሳ ነበር። ዳኛዋ ለከሳሿ ሲወስኑ ከምስሉ ይልቅ ድምፅ ቀረጻው የባሰ መሆኑን ገልጸዋል፤ መሣሪያው ከብዙ ሜትር ርቀት ንግግር ይይዝ ነበርና። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሰው ከመታየት ዞር ማለት ይችላል፤ በገዛ ደጁ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያንሾካሽክ መዋል አይችልም።

የቤት ካሜራ ሲጀመር ዓላማው ጠባብ ነበር። በኒውዮርክ ኩዊንስ የምትኖር ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የተባለች ነርስ፣ ሠፈሯ ወንጀል የበዛበት፣ ፖሊስም የሚዘገይበት ስለነበር፣ ከባሏ ከአልበርት ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠራ መብት ጠየቀች፤ በ1969 ተፈቀደላት። መዝጊያው ላይ በተለያየ ከፍታ 4 ቀዳዳዎች አሉ፤ ካሜራው በነሱ ፊት ከፍና ዝቅ እያለ የቆመውን ሰው ያሳያል። ምስሉ በመኝታ ቤቷ ቴሌቪዥን ይታያል፤ እዚያው ሆና ታነጋግረዋለች፤ ካመነችው መዝጊያውን ከሩቅ ትከፍትለታለች። ማሽኑ የሚመልሰው «ደጄ የቆመው ማን ነው?» የሚለውን ብቻ ነበር። ሌንሱ የሰፋው፣ ካርዱም የረከሰው ኋላ ነው።

ወደ ሕጋችን እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ ፈቃድ የማይጠየቅባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከነሱ አንዱ በአደባባይ የተፈጸመ ወይም ሕዝብን የሚመለከት ሥነ ሥርዓት ነው። ለላሊበላ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። በገና ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ የሚነሣው ፎቶ በቁጥር 28 ይገባል። በበዓሉ ነጭ ለብሳ የቆመች ሴት በማግሥቱ በጓሮዋ ፀጉሯን ስትታጠብ የተቀረጸው ግን አይገባም። ምስሉ በቴሌግራም ቢሠራጭ፣ ባለምስሉ እንዲቆም ሊጠይቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤትም ካሣ ሊወስንለት ይችላል፤ ተጠይቆ ቶሎ ካላቆመ ካሣው ሊጨመር እንደሚችል ቁጥር 29 ይናገራል።

ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የቀረ የአፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕል አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው መሆናቸው ይነገራል። ንጉሡ ባሠሩት ቤት ግድግዳ ላይ መልካቸው ተሣለ፤ የት እንደሚሆን፣ ማን እንደሚያየውም ያውቁ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ የሚኖረው ገበሬም ስለገዛ መልኩ ይህን ያህል የማወቅ መብት አለው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንድ ክፍተት አለበት። ቁጥር 27 የሚናገረው ስለማሳየት፣ ስለማባዛትና ስለመሸጥ ነው፤ ቀርጾ ዝም ብሎ ስለማስቀመጥ አይናገርም። ሕጉ ሲወጣ ያለማቋረጥ የሚቀርጽ ዕቃ በየታዛው ይሰቀላል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ያውጃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ሰው ተለይቶ ሊታወቅበት የሚችለውን መረጃ ይጠብቃል፤ የሚያስፈጽመውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአንድ ቤት ታዛ ሥር ያለ ካሜራን በተመለከተ አዋጁ በፍርድ ቤት እንዴት እንደሚተረጎም ገና ጊዜ ይጠይቃል።

አውሮፓውያን ጥያቄው ቀድሞ ገጥሟቸዋል። አንድ የቼክ ሪፐብሊክ ሰው መስኮቱ በተደጋጋሚ ተሰብሮበት በቤቱ ታዛ ሥር የማይዞር ካሜራ ሰቀለ። ካሜራው የራሱን መግቢያ፣ የእግረኛ መንገዱንና ፊት ለፊት ያለውን ቤት በር ይቀርጽ ነበር። አንድ ሌሊት መስኮቱ በወንጭፍ ሲመታ ቀረጻው ሁለት ተጠርጣሪዎችን አስያዘ። ከሁለቱ አንዱ ግን ያለፈቃዴ ተቀረጽኩ ብሎ አቤት አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 2014 በሰጠው ውሳኔ፣ ካሜራው መንገዱን ጭምር የሚያይ ከሆነ ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በመረጃ ጥበቃ ሕግ ይገዛል አለ። ቤትንና ቤተሰብን የመጠበቅ ጥቅሙም ሚዛን ላይ እንደሚቀመጥ ጨምሯል። የኛን አገር ዳኛ ይህ ውሳኔ አይገዛውም፤ መንገዱን ግን ያሳያል።

ሕግ እስኪጠራ ድረስ ጉዳዩ ያለው መሰላሉ ላይ በወጣው ባለሙያ እጅ ነው። ካሜራውን ከታዛው ጫፍ ከመስቀል ይልቅ መዝጊያው ጎን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ራስ ግቢ ግድግዳ አዙሮ መምታት ይቻላል። ያኔ ወደ ግቢው የገባ ሰው ፊቱ ይለያል፤ ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ ሌባ ግን ከባርኔጣው በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ከዚያ በስልኩ አፕ ውስጥ ብዙዎቹ ካሜራዎች አንድ አማራጭ አላቸው፤ ምስሉ ላይ በጣት አራት ማዕዘን ሲሣል ያ ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ አይቀረጽም። የጎረቤት ግቢ እዚያ ውስጥ ይግባ። ማይክሮፎኑ ይጥፋ። ከፋብሪካ የመጣው ፓስዎርድም የዚያኑ ዕለት ይለወጥ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በመላው ዓለም እጅግ ብዙ ካሜራዎችን የማረከው ባለቤቶቻቸው የፋብሪካውን ፓስዎርድ ስላልለወጡ ነው። ፔንሲዮን ያለው ሰው ካሜራውን በመግቢያውና በኮሪደሩ ይወስን፤ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ጨርሶ አይታሰብም።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ የታችኛዋን ጎረቤት መጥራት ያስፈልጋል። «እትዬ፣ ካሜራ አስገብቻለሁ፤ ይምጡና ስልኩ ላይ ይዩት፤ የእርስዎ ግቢ ጥቁር ሆኗል» ማለት ቡና ከመጠጣት የበለጠ ጊዜ አይወስድም። እሷም ስታይ የተዘነጋ ነገር ታገኝ ይሆናል፤ «ያቺ የውኃ መቅጃዬ ትታያለች» ብትል አራት ማዕዘኑ በጣት ሳብ ይደረጋል። ሳይነገራት ሌሊት ቀይ መብራቱን ያየች ጎረቤትም ብትሆን፣ ስልኩን አሳዩኝ ብላ መጠየቅ ነውር አይደለም። እምቢ ካላት ሽማግሌ ትልካለች፤ ባለካሜራውም በሽማግሌው ፊት፣ ደጁን ለመጠበቅ የታችኛውን ጓሮ ለምን እንደፈለገው ያስረዳ።