በእናት ደም ውስጥ ያሉ ሆርሞን ያዥ ፕሮቲኖች፤ ከሰው እስከ ጭላዳ

ሆርሞን በአንድ ዕጢ ተመርቶ፣ በደም ተጉዞ፣ ሩቅ ያለን የአካል ክፍል ሥራ የሚያፋጥን ወይም የሚገታ ንጥረ ነገር ነው። ከሆርሞኖች መካከል የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ታይሮክሲን፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የሚያመነጩት ኮርቲሶል እና የጾታ ሆርሞኖች በውኃ ውስጥ በቀላሉ ስለማይሟሙ፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት በአብዛኛው ጉበት በሚሠራቸው ፕሮቲኖች ተይዘው ነው። ከእነዚህ ፕሮቲኖች ዋነኞቹ ታይሮክሲን ያዥ ግሎቡሊን፣ ትራንስኮርቲን የሚባለው ኮርቲሶል ያዥ ግሎቡሊንና የጾታ ሆርሞን ያዥ ግሎቡሊን ሲሆኑ፣ በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው አልቡሚንም እነዚህን ሆርሞኖች ሁሉ በላላ ሁኔታ ይይዛል።

በፕሮቲን የተያዘ ሆርሞን እንደ ጎተራ እህል ነው፤ አለ፣ ነገር ግን ወጥቶ ካልተፈጨ ማንንም አይመግብም። ወደ ሴሎች ገብቶ ሥራ የሚሠራው ነጻ የሆነው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከኮርቲሶል 5 በመቶ ገደማ፣ ከታይሮክሲን ደግሞ ከ10,000 ሞለኪውሎች 3 ያህሉ ብቻ ነው። ትራንስኮርቲን በተለይ የሚያስደንቅ ጠባይ አለው፤ ቁስል ባለበት ቦታ ነጭ የደም ሴሎች የሚለቁት ኢንዛይም ሲቆርጠው፣ ወይም የሰውነት ሙቀት በትኩሳት ሲጨምር፣ የያዘውን ኮርቲሶል እዚያው ስለሚለቅ፣ ብግነትን የሚያበርደው ሆርሞን በሚያስፈልግበት ቦታና ሰዓት ይገኛል።

እነዚህ ፕሮቲኖች ትልቁን ለውጥ የሚያሳዩት በእርግዝና ጊዜ ነው። የእንግዴ ልጅ የሚያመነጨው ኤስትሮጅን ጉበትን ስለሚያነቃቃ፣ በነፍሰ ጡር ሴት ደም ውስጥ ትራንስኮርቲን ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ የጾታ ሆርሞን ያዥ ግሎቡሊን ደግሞ ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ጨምሮ፣ በእርግዝና ወቅት ከሚበዙት የወንዴ ሆርሞኖች እናትን ይጠብቃል። ኤስትሮጅን በታይሮክሲን ያዥ ግሎቡሊን ላይ ያለው የስኳር ሰንሰለት እንዲለወጥ ስለሚያደርግ፣ ፕሮቲኑ ከደም ቶሎ ሳይወገድ ይቆይና በእርግዝናው አጋማሽ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። የተጨመረው ፕሮቲን ተጨማሪ ታይሮክሲን ይዞ ስለሚያስቀር፣ ነጻው ሆርሞን እንዳይጎድል የእናት ታይሮይድ ከወትሮው 50 በመቶ ገደማ አብልጦ ማምረት ይኖርበታል። ታይሮክሲን ያለ አዮዲን አይሠራም፤ በዚህ ላይ የነፍሰ ጡር ኩላሊት አዮዲንን ከወትሮው ይበልጥ በሽንት ያስወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም አዮዲን ሲመክር ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም የሚመክረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ፅንሱ የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን በበቂ መጠን ማምረት የሚጀምረው በእርግዝናው አጋማሽ አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የአንጎሉ ዕድገት በእናቱ ታይሮክሲን ላይ ያረፈ ነው። ከተወለደ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአራስ ሕፃን፣ በተለይም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን፣ ትራንስኮርቲን ከአዋቂ ሰው በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ፣ በደሙ የተለካው ጠቅላላ ኮርቲሶል ዝቅ ማለቱ ብቻውን የሆርሞን እጥረትን አያረጋግጥም። የታይሮክሲን ያዥ ግሎቡሊን ዘረ መል በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ፣ ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው በወንዶች ሲሆን፣ ይህ ጉድለት ያለበት ሕፃን ጠቅላላ ታይሮክሲኑ አንሶ ሳለ ነጻው ትክክለኛ ስለሆነ ጤነኛ ነው፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ጠቅላላውን ብቻ አይቶ የሚወሰን ሕክምና ሊስት ይችላል።

ሰው፣ ዝንጀሮና ጦጣ የሚገኙበት የፕራይሜት ወገን በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት አይደለም። የአፍሪካና የእስያ ዝንጀሮዎች የኮርቲሶል መጠናቸው ከሰው ብዙ አይርቅም። በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ የሚኖሩት እንደ ማርሞሴት ያሉ ጦጣዎች ግን ኮርቲሶላቸው ከሰው ብዙ እጥፍ የበለጠ፣ ትራንስኮርቲናቸው ደግሞ ያነሰ ወይም ሆርሞኑን በደካማ ሁኔታ የሚይዝ ነው። እንዲህ ያለ የኮርቲሶል መጠን ሰውን በጽኑ ባሳመመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሴሎቻቸው ለሆርሞኑ የሚሰጡት ምላሽ ደካማ ስለሆነ እነዚህ ጦጣዎች በጤና ይኖራሉ። ስለዚህ የአንዱን ዝርያ የደም ውጤት በሌላው መለኪያ መመዘን አይገባም።

በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና ሣር በመጋጥ የሚኖረው ጭላዳ የፕራይሜት ወገን አባል ሲሆን፣ ከስሜን ተራሮች ሌላ ጋይንትንና እስቴን በሚያዋስነው የጉና ተራራ ላይም ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በስሜን የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንስሳውን ሳይዙና ደም ሳይቀዱ ከኩሱ የሆርሞን ቅሪት ይለካሉ። ጉበት በአብዛኛው የሚሰብረው ከያዡ ፕሮቲን የተላቀቀውን ሆርሞን ስለሆነ፣ የኩስ ናሙና የሆርሞኑን ምርት ያሳያል፤ ያዡን ፕሮቲን ግን አያሳይም። በዚህ ዘዴ የኤስትሮጅንን መውረድ በመከታተል፣ አዲስ ወንድ ጭላዳ መንጋን ሲቆጣጠር ከነፍሰ ጡሮቹ 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ፅንሳቸው እንደሚጨነግፍባቸው አረጋግጠው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል።

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ደጋ ነዋሪ ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው የአዮዲን ጉዳይ ነው። በተዳፋት መሬት ላይ ዝናብ አዮዲንን ከአፈሩ ጋር አጥቦ ስለሚወስድ፣ በእንዲህ ያለ መሬት የበቀለ እህልም አዮዲኑ አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት፣ በወሊድ ዕድሜ ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት ተገኝቶባቸዋል፤ እንቅርት ማለት አዮዲን ያነሰው ታይሮይድ ሥራውን ለማካካስ ሲያብጥ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያዛል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2016 89 በመቶ ደርሰዋል፤ ይህ ትልቅ እመርታ ነው። ሆኖም ጨው አዮዲን አለው ማለትና በቂ አዮዲን አለው ማለት የተለያዩ ስለሆኑ፣ ጨው አምራቹም ተቆጣጣሪውም መጠኑን ሊጠብቁ ይገባል። በቤት ደግሞ ፀሐይ፣ እርጥበትና እሳት አዮዲንን ስለሚያባክኑ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ባለችበት ቤት አዮዲን ያለው ጨው ተገዝቶ በክዳን ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡም ላይ የሚጨመረው ሊወጣ ሲል ይሁን።