ድሩ ከፋብሪካ፣ ማጉ ከቤት፦ ተፈጥሮና ቤተሰብ በይፋት ቆላ የአርጎባ ሽመና

ኪነ ጥበብ ከተፈጥሮና ከቤተሰብ ማንነት ይቀዳል ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ሥዕል ነው፤ በሸራ ላይ የሰፈረ ተራራ፣ አበባ ወይም የአያት ፊት። በሸዋ ሮቢትና በዙሪያው ባለው የይፋት ቆላ የአርጎባ ሸማኔዎች የሚሠሩት ነጭ ኩታ በዚህ መለኪያ ሲታይ ባዶ ይመስላል። ከጠርዙ ጥለት በቀር የሚነበብ ምስል የለበትም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ተፈጥሮ በኩታው ውስጥ በምስል ሳይሆን በጥሬ ዕቃው፣ ቤተሰብም በክሩ አፈታተል ይገኛል የሚል ነው።

መነሻው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከበላይዋ ያለው የመንዝ ደጋ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ደገኛው የበጉን ጸጉር ፈትሎ ባና ይሠራል፤ ቆለኛው የለመደው ጥጥ ነው። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ የሰው ልብስ ከጸጉር ወደ ተክል ይለወጣል። ከአንኮበር ሥር የነበረው የአልዩ አምባ ገበያም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የደጋውና የቆላው ምርት፣ እንዲሁም ከታጁራ ጠረፍ በሲራራ ነጋዴ የሚመጣው ሸቀጥ የሚገናኝበት ስፍራ ነበር።

ጥጡ ኩታ እስኪሆን ድረስ የሚያልፍበት ሂደት በሙያና በጾታ የተከፋፈለ ነው። ፍሬው በመዳመጫ ብረት ይለያል፤ ጥጡ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉም ተጠንጥኖ ልቃቂት ይሆናል። ይህ ሁሉ በአመዛኙ የሴቶች ሥራ ነው። ድሩን ማዳወር፣ በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ በእግር እየረገጡ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ መላክ ደግሞ የወንዶች ነው። ልማዱ በአርጎባ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በአብዛኛው የኢትዮጵያ የሽመና ባህል የሚታይ ነው። የጥበቡ ባለቤት ተብሎ የሚጠራው ግን ሸማኔው ብቻ ነው፤ የፈታይዋ ስም ከጨርቁ ጋር አይሄድም።

የፋብሪካ ክር ገበያውን ሲቆጣጠር ይህን የሥራ ክፍፍል አላጠፋውም፤ ወደ ጨርቁ ውስጥ አስገባው። ድር በሽመና ጊዜ ተወጥሮ የሚቆይና በየምቱ የሚፋተግ በመሆኑ ጠንካራና እኩል የሆነ ክር ይፈልጋል። የፋብሪካ ክር ለዚህ ይመቻል፤ የብዙ ሳምንታት ፈትልንም ያስቀራል። ማግ ግን ውጥረት የለበትም፤ ስለዚህ ለስላሳና አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን የሚለውን የእጅ ፈትል ይቀበላል። የኩታው ልስላሴና ሙቀት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ውጤቱ ድሩ ከገበያ፣ ማጉ ከቤት የመጣ ጨርቅ ነው፤ በብርሃን ፊት ሲዘረጋ ልዩነቱን ዓይን ይለየዋል፣ ጣት ደግሞ ከዓይን ይቀድማል። አኒ አልበርስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመችው የሽመና መጽሐፏ ሠሪው የዕቃውን ጠባይ መከተል እንዳለበት አጥብቃ ትከራከራለች። የይፋት ኩታ ለዚህ አሳብ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ቢሆንም አልበርስ ስለ ዕቃው ስትናገር ዕቃውን ማን እንደ ሰጠ የምትጠይቀው ጥቂት ነው።

ጥያቄው ለአርጎባ ክብደት አለው። በሸዋ በኩል ያሉ ብዙ አርጎቦች በቋንቋቸው ፈንታ አማርኛን ይናገራሉ። አበበ ክፍለየሱስ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናታቸው እንዳሳዩት፣ የአርጎባ ማንነት በየዘመኑ ሲለወጥና ሲታደስ የኖረ ነው። ቋንቋ ሲሳሳ ከሃይማኖት ጋር ሽመናና ንግድ የመታወቂያነቱን ሸክም ይሸከማሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል በደረሱበት አገር፣ አንድ ሕዝብ በሽመና መታወቁን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አይገባም።

ዛሬ በሮቢ ወንዝ መስኖ ዳርቻ ሽንኩርት፣ በዝናብ ማሳው ማሾ ጎልተው ይታያሉ። ገበሬው የሚያዋጣውን መዝራቱ አያስወቅሰውም። ማጉም ጭምር ከፋብሪካ በሚመጣበት ኩታ ላይ ጥለቱ እንደ ነበረ ይቀጥላል፤ ሸማኔውም ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል፤ ከጨርቁ የሚወጡት ሴቶቹና የቆላው ጥጥ ናቸው። የጥለትን ቀለምና ስፋት ብቻ የሚመዘግብ ጥናት ይህን ለውጥ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ የመስክ መዝገብ የማጉን ክር አጠማዘዝና ውፍረት፣ ጥጡ የበቀለበትን ማሳ፣ የፈታይዋንም ስም (ፈቃዷ ከሆነ) ከሸማኔው ስም አጠገብ መያዝ ይኖርበታል።