ከፖሊስ እጅ ወደ ሐኪም ደጅ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፖርቱጋል ውስጥ ከ100 ሰው አንዱ የሄሮይን ተጠቃሚ እንደሆነ ይገመት ነበር። በሊዝበን ካዛል ቬንቶዞ በተባለ ሰፈር ዕፁ በጠራራ ፀሐይ ይሸጥ ነበር፤ ገዢውም እዚያው መርፌውን ይወጋ ነበር። በመንግሥት ወጪ የሚሠሩ የሱስ ሕክምና ጣቢያዎች ያኔም አልጠፉም። ነገር ግን ዕፅ መውሰድ ራሱ ወንጀል በሆነበት አገር የጣቢያውን በር ማንኳኳት ራስን እንደ ማጋለጥ ይቆጠራል። አልጋና መድኃኒት መኖሩ ብቻውን ሰው አያመጣም፤ ወደ እነሱ የሚወስደው መንገድም መጠረግ አለበት። የፖርቱጋል መክሮ የመመለስ ኮሚሽን የተቋቋመው ይህን መንገድ ለመጥረግ ነው።

በ2001 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ከ10 ቀን የግል ፍጆታ ያልበለጠ ዕፅ ይዞ መገኘትን ከወንጀልነት አውጥቶ ደንብ መተላለፍ አደረገው። ዕፁ ይወረሳል፤ ሻጩ እንደ ወትሮው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ተጠቃሚውን ግን ፖሊስ ወደ ኮሚሽኑ ይልከዋል። እዚያ የሚጠብቁት 3 አባላት ናቸው፤ አንዱ የሕግ ባለሙያ፣ ሌሎቹ እንደ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ወይም የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ያሉ። አቀማመጡ ከችሎት ይልቅ ለሽምግልና ይቀርባል። ዋናው ጥያቄ ሱስ ይዞታል ወይስ አልያዘውም የሚለው ነው። ሱስ የያዘው ሰው ለመታከም ከፈቀደ ጉዳዩ ይታገድለታል፤ ሕክምናውም በነጻ ነው። ጣቢያ ድረስ መሄድ ላቃተው ደግሞ በሊዝበን ሜታዶን የተባለውን የሄሮይን ምትክ መድኃኒት የሚያድል መኪና አለ። ነርሷ በመስኮቱ በኩል መጠኑን ለክታ በትንሽ ኩባያ ታቀብለዋለች፤ እዚያው ቆሞ ይጠጣል። ያቺ ጉንጭ የማትሞላ ፈሳሽ የሄሮይንን ጥም አንድ ቀን ያህል ታስታግስለታለች።

«ቅጣት ከላላ ተጠቃሚው ይበዛል» የሚለው ስጋት ቀላል አልነበረም። ሆኖም የተፈራው ጎርፍ አልመጣም፤ በመርፌ የሚተላለፈው የኤችአይቪ ስርጭት እጅግ ቀነሰ፤ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚሞተው ሰው ቁጥርም በምዕራብ አውሮፓ ከዝቅተኞቹ አንዱ ሆነ። «ራሱ ላመጣው ጣጣ እኔ ለምን ግብር እከፍላለሁ?» ለሚለውም መልስ አለ፤ ያልታከመው ሰውም ያው በግብር ከፋዩ ገንዘብ ይታሰራል፣ ሆስፒታልም ይተኛል። ይበልጥ የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፦ ለውጡን ያመጣው ሕጉ ነው ወይስ አብሮት የተስፋፋው ሕክምና? ሁለቱን መነጠል አይቻልም፤ ባይሆን የሕክምናው ድርሻ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በ2012፣ በአገሪቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት፣ ሕክምናውን በአንድነት ይመራ የነበረው ተቋም ፈርሶ አገልግሎቱ ለየክልሉ የጤና አስተዳደር ተበተነ፤ ሕጉ ግን አልተነካም። ከዚያ በኋላ በፖርቶና በሊዝበን አንዳንድ ጎዳናዎች በአደባባይ ዕፅ መውሰድ እንደገና መነጋገሪያ ሆነ። ፖርቱጋልም በ2024 ሕክምናውን መልሳ በአንድ ተቋም ሥር ሰበሰበች።